ዘፈኑ የሰው፣ እጁ የራስ

አንድ ጊታሪስት የራሱ ድርሰት አንድም የሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር ሌሎች በሠሯቸው ዘፈኖች የተሞላ አልበም ሲያወጣ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሐሳብ አልቆበታል ብሎ ነው። በሌላ የሙዚቃ ዓይነት ጥርጣሬው ተገቢ ሊሆን ይችላል። በብሉዝ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ብዬ አምናለሁ። የብሉዝ ጊታሪስት በራሱ ድርሰት ውስጥ መደበቅ ይችላል። ጣቱ የማይደርስበትን አይጽፍም፤ የማይመቸውን ምት አይመርጥም፤ ድምፁ የሚከዳበትን ቃና ዘሎ ያልፋል። የሌላ ሰው ዘፈን ሲይዝ ግን መንገዱን የጠረገለት የለም። ዘፈኑ በሌላ ሰው ጣት፣ ትንፋሽና ልማድ የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ አይታዘዘውም፤ ይከራከረዋል። ተጫዋቹ ማን እንደሆነ ፍንትው ብሎ የሚታየው እዚያ ክርክር ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አልበም ስንመዝን ልንጠይቅ የሚገባን ከመጀመሪያው ቅጂ በለጠ ወይስ አነሰ ብለን አይመስለኝም። ጊታሪስቱ ዘፈኑ ያነሳበትን ክርክር ፊት ለፊት ገጠመው ወይስ አለሳልሶ አለፈው? ጥያቄው ይህ ነው።

ከማውቃቸው የኮፒ አልበሞች ሁሉ ይህን አጥርቶ የሚያሳየው ኤሪክ ክላፕተን በ1994 ያወጣው «ፍሮም ዘ ክሬድል» ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግሊዛዊው ጊታሪስት በዚያን ጊዜ የሚያጣው ብዙ ነገር ነበረው። በ1992 የወጣው «አንፕለግድ» በዓለም ዙሪያ ተሸጦለታል፤ በቀጣዩ ዓመትም ግራሚዎችን አፍሶበታል። ያንኑ ለስላሳ አኮስቲክ ሙዚቃ ቢደግመው የሚቆጣው አልነበረም። እሱ ግን ለንደን በሚገኘው ኦሊምፒክ ስቱዲዮ 16 ዘፈኖች ቀዳ፤ አንዱም የራሱ አይደለም። አቀዳዱም ከጊዜው ልማድ የወጣ ነበር። ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ይቀዳና በኋላ ይደራረባል፤ የተበላሸውም ይቆረጣል፣ ይታረማል። እዚህ ባንዱ በአንድነት ተቀምጦ ተጫወተ፤ የተጫወተውም እንዳለ ገባ። በአልበሙ ላይ እንደተጻፈው ኋላ የተጨመረው በሁለት ዘፈን ብቻ ነው፦ በ«ሃው ሎንግ ብሉዝ» ላይ ዶብሮ የተባለው ጊታር፣ በ«ማዘርለስ ቻይልድ» ላይ ከበሮ። ይህን የምጠቅሰው ለታሪክ ያህል አይደለም። እየዘፈኑ መጫወት ማለት የግጥሙ ስንኝ አፍ ላይ ሳያልቅ ጣት መልሱን መጀመር አለበት ማለት ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ሶሎውም ያጥራል፤ ድምፅ ሲጮህ ክሩ ላይ ያለው ጣትም ይከብዳል። ሶሎውን በማግስቱ ተረጋግቶ የሚቀዳ ጊታሪስት ይህን ሁሉ ያመልጣል። ክላፕተን ሊያመልጥ አልፈለገም።

አሁን ደግሞ እነዚህ ዘፈኖች የእነማን እንደነበሩ እንመልከት፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ነውና። የብሉዝ ቅርጽ የማንም ርስት አይደለም። ባለ 12 ባሩም ሆነ ባለ 8 ባሩ ቤት ሦስት ኮርድ ይዞ ይዞራል፤ ስንኞቹም ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ሲንከራተቱ የኖሩ ናቸው። የግል ንብረት የሚባል ነገር ካለ ያለው እጅ ላይ ነው። በዚህ አልበም የተሰበሰቡት እጆች ደግሞ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ፍሬዲ ኪንግ በአውራ ጣቱ የፕላስቲክ፣ በጠቋሚ ጣቱ የብረት ፒክ አጥልቆ ክሩን እየነጨ ነበር የሚጫወተው፤ በ1961 የቀዳው «አይም ቶር ዳውን» ላይ እያንዳንዱ ቃና አፉ የተሳለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ኤልሞር ጄምስ ፍሬት ሳይነካ በስላይድ ክሩ ላይ የሚንሸራተት ሰው ነበር። ሊሮይ ካር ጭራሹን ጊታሪስት አልነበረም። «ሃው ሎንግ»ን በ1928 ሲቀዳ ፒያኖ ላይ ነበር፤ ጊታሩን የያዘለት ስክራፐር ብላክዌል ነው። ከአንድ ጊታሪስት የተወሰዱ 16 ዘፈኖች ቢሆኑ ኖሮ ክላፕተን ያን አንድ እጅ ተለማምዶ ይገላገል ነበር። እዚህ ግን በየዘፈኑ ሌላ ሰው ይገጥመዋል።

ከሁሉ አጥብቄ የማየው ኦቲስ ራሽን ነው። ዊሊ ዲክሰን የጻፈውን «ግሮኒንግ ዘ ብሉዝ» ራሽ በ1957 ቺካጎ ውስጥ ሲቀዳው ጊታሩ በግራ እጅ የሚጫወት ሰው ጊታር ነበር፤ ክሮቹ ግን ለቀኝ እጅ እንደተወጠሩ ተገልብጠዋል። ስለዚህ ቀጫጭኖቹ ክሮች ያሉት ከላይ፣ ወፋፍራሞቹ ከታች ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሁሉን ይለውጣል። እኛ በቀኝ የምንጫወት ሰዎች ቀጭኑን ክር ከፍ ልናደርገው ስንፈልግ በጣታችን ወደ ላይ እንገፋዋለን፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከእጅ አንጓ ነው። ራሽ ያንኑ ክር ወደ ታች፣ ወደ መሬት ይጎትተዋል፤ የእጁ ክብደት አብሮት ይወርዳል። ቃናው ቀስ ብሎ፣ እያቃሰተ የሚወጣው ከዚህ ነው። ክላፕተን ይህን ዘፈን ሲይዝ የራሽን ሐረጎች ያውቃቸዋል፤ ብዙዎቹንም በክብር ይከተላቸዋል። ሆኖም ያን አወጣጥ ማምጣት አይችልም፤ የሰውነት ጉዳይ ነው። እሱ ቃናውን ገፍቶ ቶሎ ይደርስበታል፤ ነገሩን የሚያካሂደው ከደረሰ በኋላ ነው፦ አውራ ጣቱን ከጊታሩ አንገት ላይ አላቅቆ መላ እጁን በዚያ አንድ ጣት ላይ ሰቅሎ ያናውጠዋል። ቪብራቶው ሰፊና እኩል ነው። ራሽ ጭንቀቱን መንገድ ላይ አስቀመጠው፤ ክላፕተን ጫፉ ላይ። ይህን ልዩነት ክላፕተን በራሱ ድርሰቶች ውስጥ ሲጫወት አንሰማውም፤ የሚነጻጸርበት ነገር የለምና። እዚህ ግን የራሽ ቅጂ ከጎኑ ስላለ፣ የክላፕተን እጅ ምን እንደሆነ በአንዲት ቃና ይለያል።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። በብሉዝ ውስጥ ሦስተኛዋ ቃና አታርፍም፤ ከትንሹ ሦስተኛ ትንሽ ከፍ፣ ከትልቁ ሦስተኛ ትንሽ ዝቅ ብላ ትዋልላለች። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የምትኖር ቃና ናት። ክሩ ምን ያህል ተገፍቶ የት እንደሚቆም በኖታ አይጻፍም። ሁለት ጊታሪስቶች አንድ ሶሎ ቃና በቃና ቢጫወቱ እንኳ እዚህች ቦታ ላይ ይለያያሉ። ኮፒ ማድረግ ማንነትን ይሰርዛል የሚለው አባባል የሚወድቀው በዚህ ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ሲሆን የቀረችው ትንሽ ልዩነት ጎልታ ትወጣለች።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሰው ቅጂ እያለ ሁለተኛውን ለምን እንሰማለን የሚሉ አሉ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ራሽን ያልሰማ ሰው ከክላፕተን እንዲጀምር አልመክርም። ነገር ግን ይህ ተቃውሞ በብሉዝ ውስጥ «የመጀመሪያው» የሚባል ነገር በቀላሉ እንደሚገኝ ይገምታል። መዲ ወተርስ በ1954 የቀዳው «ሁቺ ኩቺ ማን» የዲክሰን ድርሰት ነው። ኤልሞር ጄምስ የራሱ ያስመሰለው «ኢት ኸርትስ ሚ ቱ» በ1940 በታምፓ ሬድ ተቀድቷል። ቢ ቢ ኪንግን በመላው ዓለም ያሳወቀው «ዘ ትሪል ኢዝ ጎን» ሮይ ሃውኪንስ በ1951 የቀዳው ዘፈን ነው፤ ኪንግ ወደ እሱ የመጣው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ዛሬ ግን ያለ እሱ ጊታር ሊታሰብ አይችልም። ሮበርት ጆንሰን እንኳ፣ ሁሉም የምንጭ ምንጭ አድርጎ የሚያየው ሰው፣ ከሊሮይ ካር፣ ከስኪፕ ጄምስና ከኮኮሞ አርኖልድ ሸክላዎች እየቀዳ ነው የሠራው። በእኛም ዘንድ ትዝታን ካሳ ተሰማም ማሕሙድ አህመድም ጌታቸው ካሳም በዛወርቅ አስፋውም ዘፍነውታል፤ የማን ነው ብሎ የሚጣላ የለም፤ እገሌ እንዴት ተጫወተው ብሎ የሚከራከር ግን ሞልቷል። ብሉዝም የሚኖረው በዚህ ሥርዓት ነው። እንዲያውም እንግዳ የሆነው ነገር ጊታሪስት ሁልጊዜ የራሱን ድርሰት ያምጣ የሚለው ሕግ ነው፤ ይህ ከ1960ዎቹ የሮክ ዘመን ወዲህ የጠነከረ አስተሳሰብ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ የሚመጣውም ከራሱ ከክላፕተን ሥራ ነው። በ1968 ክሪም ከተሰኘው ባንዱ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በመድረክ የተቀዳው «ክሮስሮድስ» የሮበርት ጆንሰንን ዘፈን አፍርሶ እንደ አዲስ የሠራ ነው። ጆንሰን ብቻውን በአኮስቲክ ጊታር የሠራውን ወስዶ ከውስጡ አንድ ሪፍ መዘዘ፤ ከሌላ የጆንሰን ዘፈንም ስንኝ ጨመረበት። ከዋናው ጋር ያለው መመሳሰል ጥቂት ነው፤ ሆኖም ከሮክ ጊታር ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ታዲያ ታማኝነት ለምን ያስፈልጋል? መልሴ፣ እኔ የምሟገተው ስለ ታማኝነት ሳይሆን ጊታሪስቱ ስለሚገጥመው ክርክር ነው የሚል ነው። በ«ክሮስሮድስ» ውስጥ የጆንሰን ጊታር ያነሳ የነበረውን ክርክር የተካ ሌላ ክርክር አለ፦ ጃክ ብሩስ በቤዙ፣ ጂንጀር ቤከር በከበሮው ክላፕተንን አያጅቡትም፤ ይገፉታል፣ ይቀድሙታል፣ መንገድ ይዘጉበታል። ጊታሪስቱ ቦታውን በትግል ነው የሚያገኘው።

ይህ ካልሆነ ምን እንደሚመጣ ደግሞ በ2004 አይተናል። በዚያ ዓመት ክላፕተን «ሚ ኤንድ ሚስተር ጆንሰን» ብሎ ከጆንሰን 29 ዘፈኖች 14ቱን ቀዳ። ባንዱ በዓለም ካሉት ምርጥ ተጫዋቾች የተውጣጣ ነው፤ ስቲቭ ጋድ ከበሮ፣ ናታን ኢስት ቤዝ፣ ቢሊ ፕሬስተን ኪቦርድ። ችግሩም እዚያው ነው። ጆንሰን በኅዳር 1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በሰኔ 1937 ዳላስ ውስጥ ሲቀዳ አንድ ጊታር ሦስት ሥራ ይሠራለት ነበር፤ አውራ ጣቱ ቤዙን ይይዛል፣ መካከሉ ምቱን ይጠብቃል፣ ቀጫጭኖቹ ክሮች ለድምፁ ይመልሱለታል። ብቻውን ስለሆነ ባሩን እንደ ፈለገ ያሳጥራል፣ ያስረዝማል፤ ስንኙ ካላለቀ ቤቱ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን ዘፈን ለአንድ ሙሉ ባንድ ስትሰጠው ሁሉም የሚስማማበት ቁጥር ያስፈልጋልና ባሩ በአመዛኙ ይቃናል። ሦስቱ ሥራዎች ለሦስት ሰው ሲከፋፈሉ ደግሞ ለጊታሪስቱ የሚቀረው ቀላሉ ነው፤ በተመቻቸ ምንጣፍ ላይ ሶሎ መጫወት። ክላፕተን በአልበሙ ላይ አይሳሳትም፤ የሚያስቸግረው ነገር ግን የለም፤ ስለዚህ ማን እንደሆነ አይነግረንም። ማስረጃው ያን ያህል ግልጽ ባይሆን ኖሮ እንዲህ በድፍረት አልጽፍም ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ «ሴሽንስ ፎር ሮበርት ጄ» በሚል በፊልምና በሙዚቃ የወጣው ሥራ ላይ ክላፕተን ጆንሰን በ1937 በቀዳበት የዳላሱ ሕንፃ፣ ፓርክ አቬኑ 508 ውስጥ፣ አኮስቲክ ጊታር ይዞ ይታያል፤ ከጎኑ ዶይል ብራምሆል ዳግማዊ ብቻ አለ። ከበሮ የለም። ሰውዬው ያው ነው፤ ዘፈኖቹም የዚያው ሰው ናቸው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። አውራ ጣቱ ቤዙን መያዝ ስላለበት ላይኛው ክፍል ይጎድልበታል፤ ድምፁ ለመቆየት ሲፈልግ ጊታሩ መጠበቅ ይኖርበታል። ይቸገራል፤ ሲቸገር ደግሞ ይሰማል።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። «ፍሮም ዘ ክሬድል» የሚደክምበት ቦታ አለ፤ የሚደክመውም ጊታሩ ላይ አይደለም። በ«ሁቺ ኩቺ ማን» ላይ ባንዱ የመዲ ወተርስን የሚቆም የሚነሳ ምት በጥንቃቄ ይከተላል፤ ሃርሞኒካውን የሚነፋው ጄሪ ፖርትኖይም በ1970ዎቹ በመዲ ባንድ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ክላፕተን ግን ጉሮሮውን አወፍሮ የመዲን ድምፅ ለመምሰል ይሞክራል። ይህን የሚነቅፉት ልክ ናቸው። እጅ በልምምድ የሌላውን እጅ መንገድ ሊማር ይችላል፤ የማይችልበት ቦታ ላይ ሲደርስም ወደ ራሱ ይመለሳል። ጉሮሮ ሲያስመስል ግን ወደ ራሱ መመለሻ የለውም፤ የራሱን ድምፅ ሸፍኖታልና። ስለዚህ ይህ ትችት ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ወሰኑን ያሳየኛል። በዚሁ አልበም «ሰምዴይ አፍተር ኧ ዋይል» ላይ ክላፕተን በራሱ ድምፅ ሲዘፍን ጊታሩም ይለሰልሳል፤ ይታመናልም።

ከሙያው ወጥቶ ወደ ፍትሕ የሚያመራ ተቃውሞም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። እነዚህ ዘፈኖች ጥቁር አሜሪካውያን በዘረኝነትና በድህነት ውስጥ ሆነው የሠሯቸው ናቸው። «ፍሮም ዘ ክሬድል» በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል፤ የባህላዊ ብሉዝ ግራሚም አግኝቷል፤ ሁለት ዘፈኖቹ ያሉበት ኤዲ ቦይድ ግን አልበሙ ከመውጣቱ ሁለት ወር በፊት፣ በሐምሌ 1994፣ ሄልሲንኪ ውስጥ ሞቷል። ክላፕተን ራሱ በነሐሴ 1976 በርሚንግሃም መድረክ ላይ ሰክሮ በስደተኞች ላይ የተናገረው ዘረኛ ንግግር በብሪታንያ የፀረ ዘረኝነት ሙዚቃ ንቅናቄ እስኪያስነሳ ድረስ አሳፋሪ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ አፍሬበታለሁ ብሏል። ሶሎው የቱንም ያህል ቢያምር ይህን አያጥበውም፤ እንዲያጥበውም አልጠይቅም። የምለው ሌላ ነው። በደሉ የሚፈጸመው ሰው የሌላውን ዘፈን ስለተጫወተ አይደለም፤ ስሙን ሲያጠፋውና ድርሻውን ሲነፍገው ነው። ዊሊ ዲክሰን ሌድ ዘፕሊንን «ሆል ሎታ ላቭ» በተባለው ዘፈን ምክንያት ከሶ በ1987 በስምምነት የጨረሰው የራሱ ስንኞች ያለ ስሙ ስለተወሰዱ ነው። በአንጻሩ ክሪም በ1966 የስኪፕ ጄምስን «አይም ሶ ግላድ» በስሙ መዝግቦ ስለቀዳ፣ ጄምስ በሕመሙ የመጨረሻ ዓመታት ሙዚቃው ከዚያ በፊት ሰጥቶት የማያውቀውን ገንዘብ አግኝቷል። የኮፒ አልበም ከራስ ድርሰት አልበም የሚሻልበት አንድ ግልጽ ነገር ይህ ነው፤ ምንጩን በሽፋኑ ላይ ማተም ግዴታው ነው። በድብቅ የተወሰደ ብሉዝ የራስ ድርሰት ተብሎ የተሸጠበት ሸክላ በጣም ብዙ ነው።

በመጨረሻ የመሣሪያ ነገር ይቀራል። ጊታሪስቶች ስንሰባሰብ የድምፅ ሚስጥር ሁሉ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ ውስጥ እንዳለ አድርገን እናወራለን፤ ይህ እውነት ቢሆን እጅ ላይ የመሠረትኩት ክርክር ይናድ ነበር። ይህን ለመፈተን ከጋሪ ሙር የ1995 አልበም «ብሉዝ ፎር ግሪኒ» የተሻለ አጋጣሚ የለም። አየርላንዳዊው ሙር አልበሙን የሠራው ለፒተር ግሪን ክብር ነው፤ ግሪን ደግሞ በ1966 በጆን ሜዮል ባንድ ክላፕተንን የተካ፣ በ1967ም ፍሊትውድ ማክን የመሠረተ ጊታሪስት ነው። ሙር የግሪንን ዘፈኖች ብቻ ሳይሆን የግሪንን ጊታር ጭምር ነበረው፤ የ1959 ጊብሰን ሌስ ፖል፣ ከግሪን ራሱ የገዛው። በዚያ ጊታር ላይ የአንገቱ ፒክአፕ ማግኔት ተገልብጦ ስለተቀመጠ፣ ማብሪያው መካከል ላይ ሲሆን ሁለቱ ፒክአፖች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ድምፅ ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚነገር ቃል አፍንጫዊና ሩቅ ነው። ሌላ ጊታሪስት ያን ድምፅ ለማግኘት ብዙ ይደክማል፤ ሙር ማብሪያውን ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሆኖም «ዘ ሱፐርናቹራል» ላይ፣ አንዲት ቃና በአምፕሊፋየሩ ጩኸት እየታገዘች ለረጅም ጊዜ በምትቆይበት ዘፈን፣ ሁለቱ ሰዎች አይደባለቁም። ግሪን ቃናዋን ትቷት ይሄዳል፤ እስክትሞት ድረስ አይነካትም። ሙር ሊተዋት አይችልም፤ ጣቱ ሥር ይዟት ያናውጣታል፣ ይገፋታል፣ ሌላ ቃና ያስከትልባታል። በሌሎች አልበሞቹ ፈጣንና ከባድ እጅ የነበረው ሰው እዚህ ራሱን ሲይዝ ይሰማል፤ ያ መያዝ ነው አልበሙን ትልቅ ያደረገው። «ኒድ ዩር ላቭ ሶ ባድ»ም እዚያ አለ፦ ሊትል ዊሊ ጆን በ1955 የቀዳው፣ ግሪን በ1968 የወረሰው፣ ሙር ከግሪን የተቀበለው ዘፈን። ያ ጊታር ዛሬ በሜታሊካው ከርክ ሃሜት እጅ ነው፤ ማግኔቱም እንደ ተገለበጠ ነው፤ ሃሜት በሜታሊካ መድረክ ላይ ሲጫወተው ግን የሚሰማው ሃሜት ነው።